የግቢው አባወራ

ሕፃኑ ሚዛኑን ሲያይ ሁለቱንም እግሮቹን አነሳ።

ነርሷ በአንድ እጇ የሚዛኑን የጨርቅ ሱሪ አፍ ከፍታ፣ በሌላው ልጁን ከአሮጊቷ ክንድ ለመቀበል ስትታገል ነበርና መጀመሪያ ልብ አላለችውም። ከጣራው መንጠቆ ላይ የተንጠለጠለችውን ያችን ሱሪ ሲያዩ ሌሎቹ ሕፃናት ይራገጣሉ፤ ጀርባቸውን እንደ ደጋን ለጥጠው አዳራሹን በጩኸት ይቀውጡታል። ይሄኛው ግን ሥራ ሊገባ ልብሱን እንደሚቀይር ትልቅ ሰው መጀመሪያ ቀኝ እግሩን፣ ቀጥሎ ግራውን በየቀዳዳው አስገባ። ማንጠልጠያውን በሁለት እጁ ጨበጠና የሚዛኑ መርፌ እስኪረጋ ዝም ብሎ ተወዛወዘ።

"ጎበዝ የኔ ጌታ" አለችው ነርሷ፣ ሳታስበው።

አለችውና እጇ ባለበት ቀረ። ይህንኑ ቃል ለዚሁ ልጅ ጠዋት ብላዋለች። ጠዋት ይዛው የመጣችው ግን እጅጌዋ ላይ የክር ቁራጭ የተጣበቀባት ቀጭን ወጣት ነበረች እንጂ እኚህ አሮጊት አልነበሩም።

"እማማ፣ ይሄ ልጅ የማን ነው?"

"የልጄ ልጅ ነዋ። የማን ሊሆን ኖሯል?"

"ስንት ወሩ ነው?"

አሮጊቷ መልሱ ጣራው ላይ የተጻፈ ይመስል ቀና አሉ። "እሱማ ትልቅ ነው። ጥርስ እንኳ አብቅሏል።"

ነርሷ የልጁን ከንፈር በጣቷ ገለጥ አደረገች። ድዱ ልሙጥ ነው።

"ሊያበቅል ነው ማለቴ ነው" አሉ አሮጊቷ፣ ቅንጣት ሳያፍሩ።

ነርሷ የመለኪያ ጥብጣቡን በልጁ ክንድ ላይ ጠመጠመች። ቀይ። ጠዋትም ቀይ ነበር። ሌላ ጥያቄ ልታስከትል አፏን ስትከፍት አዋላጇ ከመስታወቱ በር ጀርባ ጠራቻት። "ሲስተር፣ አንዴ ነይና ያዥልኝ፤ ሴትየዋ አልጋውን ነቅላ ልትሄድ ነው!"

"እማማ፣ ንቅንቅ እንዳይሉ። መጣሁ።"

"ወዴት እሄዳለሁ ልጄ" አሉ አሮጊቷ።

ነርሷ ስትመለስ አሮጊቷም የሉም፤ ልጁም የለም። ሱሪዋ ብቻ መንጠቆው ላይ ቀስ እያለች ትዞራለች።

ቤቱ ከጦርነቱ በፊት ባንክ ነበር። ባንኩ ገንዘቡንና ሠራተኞቹን ይዞ ሲሸሽ፣ ዘበኛውን፣ የብረት ካዝናውንና ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን "ዛሬ ይቆጥቡ፣ ነገ ይረፉ" የሚል ማስታወቂያ ትቶ ሄደ። የእናቶችና የሕፃናት ጤና ጣቢያው ጣራው በመድፍ ሲነደል እቃውን ተሸክሞ እዚህ ገባ። የሥራ አስኪያጁ ቢሮ የማዋለጃ ክፍል ሆነ። ብር ይቆጠርባቸው በነበሩት መስኮቶች ሕፃናት ይለካሉ፤ የዱቄት ወተቱ ካዝናው ውስጥ ይቆለፋል። ዘበኛውን ግን ልማዱ አልለቀቀውም። እናቶቹን እስከ ዛሬ "ቀጣይ ደንበኛ" እያለ ነው የሚያስገባው። ከከተማው ዳር የመድፍ ድምፅ ሲሰማ ቀና የሚል ሰው የለም፤ ወረፋው አንድ እርምጃ ሲንቀሳቀስ ግን ሁሉም ያውቃል።

መመሪያው ቀላል ነው፤ ሰውን የሚያቃጥለውም ቀላልነቱ ነው። ጥብጣቡ በልጁ ክንድ ላይ ተጠምጥሞ አረንጓዴው ላይ ከቆመ ልጁ ደህና ነው። ቢጫው ላይ ከቆመ ያሰጋል። ቀዩ ላይ ከቆመ በረሃብ ተጎድቷል ማለት ነው። ወተት የሚሰጠው ለቀይ ብቻ ነው። ቀይ የወጣለት ልጅ እናት አንድ ቆርቆሮ ታቅፋ ትወጣለች፤ የቢጫ እናት ምክር ታቅፋ ትወጣለች። በዚህ የተነሳ ከተማው የራሱን ቋንቋ አበጅቷል። ሴቶች ውኃ ሲቀዱ "ያንቺው ምን ወጣለት?" ይባባላሉ። "ቀይ" ያለችዋን "ታድለሽ" ይሏታል። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት የልጇ ክንድ አረንጓዴ ሆነ ተብላ ስታለቅስ ያየ ዘበኛ፣ የካዝናውን በር እያሳየ "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷን አላይ" ብሎ ተረተ። ነርሷ ያን ቀን መሳቅም መቆጣትም አቅቷት ነበር።

ዛሬ ደግሞ ነገሩ ብሷል። የአቅርቦት ኃላፊው ከሰዓት በኋላ በጭነት መኪና መጥተው፣ ለቀይ ልጅ ያልታደለውን ወተት ጭነው እንደሚመለሱ ከተማው ሁሉ ሰምቷል። ነርሷ ራሷ የሰማችው ከወረፋው ነው፤ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት አልነገራትም። ስለዚህ ልጅ ያላት ሁሉ መጥታለች፤ አሁን እንደሚመስለው ደግሞ ልጅ የሌላትም።

በሌላ ቀን ሁለት መስኮት ይሠራል፤ ነርሷ በአንዱ፣ አዋላጇ በሌላው። ዛሬ አዋላጇ ከጠዋት ጀምሮ ከአንዲት የበኩሯን ከምታምጥ ሴት ጋር ተቆልፋለች። ነርሷ ብቻዋን ስትለካ ነው የዋለችው። እስከ ዛሬ ያልታያት ነገር ዛሬ የታያትም ለዚህ ነው። ልጁ አንዴ በዚህ መስኮት፣ አንዴ በዚያ መስኮት ሲለካ ማን ልብ ይለዋል?

ቀጣዩን ልጅ ሱሪው ውስጥ እያስገባች መዝገቡ ወረቀት ላይ ያሉትን ቀዮች በዓይኗ ትቆጥር ጀመር። ባለፉት ሳምንታት ቀዩ ሲበዛ፣ ሲበዛ አይታ "ከተማው አለቀ" ብላ ነበር። ቤቷ ገብታ እህል አልወርድ ብሏት፣ ባሏ ከግንባር በደወለ ቁጥር ስለነዚያ ልጆች እያወራች አሰልችታዋለች። ለካ ስታለቅስ የከረመችው ለአንድ ልጅ ደጋግማ ኖሯል።

"ቀጣይ ደንበኛ" አለ ዘበኛው።

ቀጣይዋ ደንበኛ ግን ወደ ነርሷ አልመጣችም። ፊቷን እስከ ዓይኗ በሻርፕ ተከናንባ፣ በአንሶላ የተጠቀለለ ልጅ አቅፋ፣ ሰው በሌለበት በአዋላጇ መስኮት ፊት ቆመች። አንገቷን ደፍታ አዋላጇ እስክትወጣ ትጠብቃለች። ነርሷ ፊቷን ለማየት ስትሞክር ዓይኗ ወደ ታች ወረደና ጫማዋ ላይ አረፈ።

ጫማው የራሷ የነርሷ ነው። ባለፈው ወር ለታናሽ እህቷ "ለአንድ ቀን ብቻ" ብላ ያዋሰችው።

ከመስኮቷ ጀርባ ወጥታ ቀስ ብላ ሄዳ አጠገቧ ቆመች።

"ሻርፑን አውልቂው።"

ሴትየዋ አልተንቀሳቀሰችም።

"ጫማዬን አውቀዋለሁ። አውልቂው ብዬሻለሁ።"

"እትዬ፣ ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል" አለች ታናሽ እህቷ በሻርፑ ውስጥ።

ነርሷ አንሶላውን ገለጠች። ያው ልጅ ነው። አሁን ግን ዓይኑ ግማሽ ክድን ብሏል፤ ከንፈሩ ደርቋል። የሚዛኑን ሱሪ ከሩቅ ሲያይ አንድ እግሩን ብቻ አነሳና ደከመው መሰል መልሶ ጣለው።

"የራስሽን ልጅ የት ጥለሽ ነው የሰው ልጅ ይዘሽ የምትዞሪው?"

"የኔዋ ቢጫ ናት።" እህቷ ሻርፑን ወደ አገጯ አወረደችው። ፊቷ ቀልቷል፤ ግን ወደኋላ የማለት ምልክት የለበትም። "ሁለቴ ለክተሻታል፤ ሁለቴም ቢጫ። አክስቷ ሆነሽ እንኳ ጥብጣቡን ትንሽ ጠበቅ አላደረግሽላትም። አንዲት ጣት ጠበቅ ብታደርጊው ምን ነበረበት?"

"ይሄን ልጅ ማን ሰጠሽ?"

"ተራዬ ነው።"

"የምን ተራ?"

"የግቢው ተራ ነዋ። ጠዋት እናቱ፣ ቀጥሎ እማማ፣ አሁን እኔ። ከእኔ ቀጥሎ ልብስ አጣቢዋ።" እህቷ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "እናቱ የወታደር ልብስ ስፌት ቤት ነው የምትውለው። እኛ ተራ በተራ እንይዝላታለን፤ እሷ ደግሞ ታውሰናለች። የመጣውን ወተት ለግቢው ልጆች በሙሉ እንካፈላለን። ሌብነት እንዳይመስልሽ። አንድም የሸጠ የለም።"

"ታውሰናለች" አለች ነርሷ። "እንደ ወንፊት።"

"አባወራው ነው የምንለው። ግቢውን የሚያስተዳድረው እሱ ስለሆነ።" እህቷ ፈገግ ልትል ቃጣትና የታላቋን ፊት አይታ ተወችው።

"መቼ ነው ምግብ የቀመሰው?"

እህቷ አንሶላውን መልሳ ልትሸፍነው ሞከረች።

"መቼ ነው የጠጣው አልኩሽ?"

"ከተለካ በኋላ ነው የሚሰጠው" አለች እህቷ። "ሆዱ ሞልቶ ከመጣ ክንዱ ወፍሮ ቢጫ እንዳይሆን ብለን። ዛሬ ደግሞ ተራው በዛ።"

ነርሷ የልጁን የደረቀ ከንፈር በጣቷ ነካች። ሌላው ሁሉ ይገባታል። ማዋሱም፣ መዋሸቱም ይገባታል፤ የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ይሄኛው ግን አንጀቷን በላው። "ጠዋት የጠጣው ወተት ክንዱ ላይ አይወጣም" አለች፣ ጥርሷን ነክሳ። "ክንድ በሳምንት ነው የሚወፍር፤ በሳምንትም ከወፈረ። ይሄን ልጅ ስታስርቡት የዋላችሁት በከንቱ ነው። ገባሽ? በባዶ። ጠግቦ ቢመጣም ቀይ ነበር።"

"ማን ነገረን?"

"ማን ጠየቀ?"

እህቷ ልጁን ሳትጠየቅ አስረከበች።

"ሂጂ እናቱን ጥሪያት።"

"አለቃዋ አይለቃትም እኮ። የግማሽ ቀኗን ይቆርጥባታል።"

"እሱ ካልለቀቃት እኔ ልጁን ታቅፌ እዚያው እመጣለሁ በያት።"

እህቷ በተዋሰችው ጫማ እየተንገዳገደች ወጣች። ነርሷ ለአዋላጇ ከተጣደው የፈላ ውኃ ቀድታ አቀዘቀዘች። ጨውና ስኳር በጥብጣ፣ ዘበኛው ያቀረበላት ወንበር ላይ ተቀምጣ ልጁን በማንኪያ ታጠጣው ጀመር። የመጀመሪያው ማንኪያ በአገጩ ፈሰሰ። ሁለተኛውን ዋጠ። ከሦስተኛው በኋላ ማንኪያውን በድዱ ነክሶ አልለቅም አለ።

"ሲስተር፣ ወረፋው ቆመ እኮ" አለ ዘበኛው።

"ይቁም።"

"ደንበኞቹ እያጉረመረሙ ነው።"

"አንተም አጉረምርም ጋሼ። ተራ በተራ ካልሆነ ግን አልሰማችሁም።"

ዘበኛው ነገሩ ገብቶት ዞር አለ። ወረፋው ውስጥ ያሉትም ተራው እንደታወቀባቸው ገብቷቸዋል። ሴቶቹ ልጆቻቸውን ከአንድ ትከሻ ወደ ሌላው እያዛወሩ ወደ ግድግዳው ማስታወቂያ ያያሉ። ከመካከላቸው ይህን ልጅ ያልታቀፈች ስንት ትሆን?

እናቱ ስትመጣ ሮጣ ነበርና ትንፋሿ ተቆራርጧል። አንገቷ ላይ የመለኪያ ሜትር እንደተንጠለጠለ ነው። ልጇን በነርሷ ጭን ላይ፣ ማንኪያ ነክሶ ስታየው የመስኮቱን ጠርዝ ያዘች።

"ምን ሆነ?"

"ውኃ ጠማው። ራበው። ከጠዋት ጀምሮ ሥራ ላይ ነው የዋለው" አለች ነርሷ። "አባወራው።"

ወጣቷ ስሙን ከነርሷ አፍ ስትሰማ አንገቷን ደፋች፤ ግን ለአፍታ ነው። "ስጪኝ" አለች።

"አልሰጥሽም። ጨርሶ ይጠጣ። ከዚያም አልሰጥሽም፤ እዚህ ይተኛል። አንቺም ከእሱ ጋር።"

"እኔ እዚህ ከተኛሁ ስፌት ቤቱ ሌላ ያስገባል። ከዚያ ምን እንበላለን?"

"እንግዲህ ልጁን ስታከራዪ..."

"አላከራየሁም" አለች እናቱ። ድምፅዋ አልጨመረም፤ እንዲያውም ቀነሰ። "መጀመሪያ ሳመጣው ታስታውሻለሽ? ጡቴ ደርቋል፣ ቀኑን ሙሉ ማሽን ላይ ነኝ፣ እርዱኝ ብዬሽ ነበር። ለካሽው። ቢጫ ነው፣ ከዚህ ከወረደ ይዘሽው ነይ አልሽኝ።"

ነርሷ አላስታወሰችም። ግን ለስንቷ እንዲህ ብላለች። በቀን ስንቴ ትለዋለች።

"ወረደ፤ ይዤው መጣሁ። ቀይ ነው አልሽና ወተት ሰጠሽኝ። እግዜር ይስጥሽ። ግቢው ሙሉ ልጅ ነው፤ በሬን ዘግቼ ለብቻው ላጠጣው? ጎረቤቶቼ ናቸው የሚይዙልኝ። እኔ ስሰፋ እነሱ ናቸው የሚያዝሉት። ተካፈልን። ሲከፋፈል ደግሞ የሱ ክንድ ከዚያው አልነቃነቅ አለ። አንድ ሳምንት ለብቻው ሰጥቼው ነበር፤ ትንሽ ሥጋ ያዘ፣ ሳቀ፣ ደስ አለን። በነጋታው እማማ ምን አሉኝ መሰለሽ? 'ልጄ፣ ይሄ ልጅ ቢጫ ቢሆንብን ምን ልንሆን ነው?'" እናቱ የሜትሩን ጫፍ በጣቷ ላይ ጠመጠመችው። "እኔ አላከሳሁትም ሲስተር። ቢወፍር ግን ምን እንደምናደርግ ማናችንም አላወቅንም።"

ነርሷ ልትመልስላት ፈለገች። ቁጣዋ ገና አልበረደም፤ ግን የሚያርፍበት ሰው አጣች። አሮጊቷ? እህቷ? ይቺ ሜትር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ልጅ? ወይስ በየቀኑ ይህን ጥብጣብ የምትጠመጥመው እጅ?

ውጭ የመኪና ጡሩንባ ተነፋ።

የአቅርቦት ኃላፊውን ጤና ጣቢያው አቶ መመሪያ ይላቸዋል። እሳቸውም ያውቃሉ፤ አይከፋቸውም። ቅንድባቸው በመንገድ አቧራ ነጥቶ፣ ሸሚዛቸው ከሱሪያቸው ወጥቶ ገቡ። ሦስት ከተማ ዞረው ነው የመጡት፤ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ መኪናው ውስጥ እንደሚተኙ ከአንገታቸው አጠማዘዝ ያስታውቃል። እናቶቹን በጅምላ እጅ ነሥተው በቀጥታ ወደ ካዝናው ሄዱ። ዘበኛው ከፈተላቸው። ቆርቆሮዎቹን በዓይናቸው አይተው አፋቸውን መጠጡ።

"ብዙ ተርፏል ሲስተር።"

"አልተረፈም። አልተሰጠም ነው የሚባለው።"

"ያው ነው። ቀዮቹ ስንት ናቸው?"

እህቷ ከእናቱ ጀርባ ገብታ ቆማ ነበር። ሁለቱም ነርሷን አዩአት። ወረፋው በሙሉ አያት። ወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር እንዳለ ብትነግራቸው ወተቱ ሁሉ ይቀራል። ቀላል ነው፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ነገ ደግሞ ይህ ልጅ እንደገና ከሰው ወደ ሰው ይዞራል፤ ከነገ ወዲያም ይዞራል፤ አንድ ቀን እግሩን ማንሳት ያቅተዋል።

"ወረቀቱ ላይ ካሉት ቀዮች ግማሾቹ አንድ ልጅ ናቸው" አለች። ጭኗ ላይ ያለውን አሳየቻቸው። "ይኸው። ይተዋወቁ።"

ነገሩን እንዳለ ነገረቻቸው። ስም አልጠራችም፤ ተራውን፣ ረሃቡን፣ ግቢውን ነገረቻቸው። ሲገባቸው ያፍራሉ ብላ አስባ ነበር። መመሪያውን ያወጣው ሰው እዚህ ባይኖርም በእሳቸው በኩል ያፍራል ብላ። አቶ መመሪያ አዳምጠው ሲጨርሱ ራሳቸውን ነቀነቁና ብዕራቸውን አወጡ።

"እንግዲያው የሚመለሰው ይጨምራል ማለት ነው።"

ከማዋለጃው ክፍል ሴትየዋ ረጅም ጩኸት አሰማች። በዚያች ሰዓት ነርሷም አብራት ብትጮህ ደስ ባላት።

"ወዴት ነው የሚመለሰው?"

"መጋዘን።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ በጥያቄ ይወጣል።"

"ማን ነው የሚጠይቀው?"

"ጤና ጣቢያዎች ናቸዋ። እናንተ።"

"እሺ፣ አሁን ጠየቅሁ።"

"በጽሑፍ ነው። በጽሑፍ ሲመጣ ደግሞ የቀይ ብዛት ይታያል።" አቶ መመሪያ ዓይናቸውን በአውራ ጣታቸው አሹ። "ሲስተር፣ እኔ ላይ አትቆጪ። እኔ ወተት አላልብም፤ አመላላሽ ነኝ። ቢጫዎቹን አጠጪ የሚል ወረቀት ካለሽ አሳዪኝና አሁኑኑ ባዶ መኪና ይዤ እሄዳለሁ።"

"ቢጫው ቀይ እስኪሆን ነው የምንጠብቀው?"

"መመሪያው እንደዚያ አይልም።"

"ምን ይላል ታዲያ?"

አቶ መመሪያ ትንሽ አሰቡ። "እንደዚያ አይልም እንጂ እንደዚያ ነው" አሉ፣ በሐቅ።

ሾፌሩ ገብቶ ቆርቆሮዎቹን ማውጣት ጀመረ። በመስኮቱ መደርደሪያ ላይ፣ ድሮ የብር እስር ይደረደርበት በነበረው ቦታ ላይ ይደረድራቸዋል። በወረፋው ውስጥ አንዲት ሴት ለጎረቤቷ "ቆጥበው ሊያርፉ ነው" አለቻት፣ ማስታወቂያውን በአገጯ እየጠቆመች። የሳቀ ግን የለም።

ነርሷ ተነሳች። ልጁን ለእናቱ ሰጠቻት። ሄዳ ሾፌሩ ካስቀመጣቸው አንዱን ቆርቆሮ አነሳችና የማንኪያውን እጀታ ከክዳኑ ሥር ሰካች።

"ሲስተር፣ ምን ማድረግሽ ነው?" አሉ አቶ መመሪያ። "የተከፈተ አይጫንም።"

"አውቃለሁ።"

ክዳኑ ጧ ብሎ ተነሳ። የወተቱ ሽታ በዚያ የሳሙናና የላብ አዳራሽ ውስጥ ገባና አንድ ሁለት ሕፃናት አንገታቸውን አዞሩ።

"ጋሼ፣ የፈላውን ውኃ አምጣልኝ። ኩባያም" አለችው ለዘበኛው። ከዚያ ወደ እናቱ ዞረች። "ከእንግዲህ ከዚህ ቤት ቆርቆሮ አቅፎ የሚወጣ ሰው የለም። የሚጠጣ እዚህ፣ እኔ እያየሁት ይጠጣል። ስትሰፊ ጎረቤቶችሽ ያምጡት፤ ለመለካት ግን አይደለም። ገባሽ?"

እናቱ ነርሷ የበጠበጠችውን ኩባያ ተቀብላ ወደ ልጇ አፍ አስጠጋችው። ልጁ ኩባያውን ልክ እንደ ሚዛኑ ማንጠልጠያ በሁለት እጁ ጨበጠና ፊቱን ከተተበት። ሲውጥ ጉሮሮው የሚያሰማው ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው።

አቶ መመሪያም ቆመው አዩት። ልጁ ተንፍሶ እንደገና ፊቱን ሲከት ብዕራቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ። ወደ ነርሷ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ይቺ አንዷ ትሁን" አሉ። "መንገድ ላይ ተቀጥቅጣ ፈሰሰች ብዬ እጽፋለሁ። ለልጁ ትበቃዋለች። አንቺም አትጠየቂባት። ሌላውን እንጫንና መንገዱ ሳይዘጋ ልሂድበት።"

"ሌላውንስ ብከፍት?"

"ሌላውን ከከፈትሽ ያንቺን ስም እጽፋለሁ። ምን ላድርግ? መጋዘኑ እኔን ይጠይቀኛል፤ እኔ አንቺን። ከዚያ እዚህ መስኮት ላይ ሌላ ሰው ነው የሚያስቀምጡት፤ ጥብጣቡን አጥብቆ የሚይዝ ይሁን የሚያላላ እግዜር ይወቅ።"

ክፉ ሰው ቢሆኑ ይቀላት ነበር። ደህና ሰው ናቸው፤ የሰጧትም ነገር ደህና ነገር ነው። አንድ ልጅ፣ አንድ ቆርቆሮ፣ አንድ ትንሽ ውሸት። እሷም ነገ ሥራዋ ላይ ትገኛለች፤ ጥብጣቧን ትይዛለች፤ ያቺን "ከዚህ ከወረደ ይዘሽው ነይ" የምትለዋን ለሚመጣው ሁሉ ትላለች።

እህቷ ጥግ ይዛ ቆማለች። ቀና ብላ አላየቻትም፤ አልለመነቻትምም። እሷ ልጇን አላመጣችም፤ ልጇ ቢጫ ሆና ቤት ቀርታለች። ከእሷ ወዲያ ያሉት ግን ይዘው መጥተዋል። አንዱ የእናቱን ሻርፕ ጫፍ ይጠባል። አንዷ በኩባያው ላይ ዓይኗን ተክላ አፏን ትከፍታለች፤ ትዘጋለች። ክንዳቸውን ሳትለካ ቀለማቸውን ታውቃለች፤ ቢጫ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ወደ ቢጫ።

"ስሜን ሲጽፉ በደንብ ይጻፉት" አለች ነርሷ። "ባለፈው በላኩት ደብዳቤ ላይ ተሳስተውት ነበር።"

ሾፌሩ ወደ መኪናው ሊወስደው ያቀፈውን ቆርቆሮ ከእቅፉ አወጣችና መስኮቱ ላይ አቆመችው። የማንኪያውን እጀታ ከክዳኑ ሥር ሰክታ ተጫነችው።